ዋርኒንግ ነው ወይስ ኤረር? የሎግ ደረጃ አመራረጥ

ድሮ በምሠራበት ቦታ፣ ሰርቨሩ ሎጉ ላይ (ፕሮግራም ሲሠራ ያጋጠመውን በየመስመሩ የሚጽፍበት መዝገብ ነው) ኤረር በጻፈ ቁጥር ወደ ቴሌግራም ግሩፕ የሚልክ ቦት ነበረን። የመጀመሪያው ሳምንት ስልኬ በጮኸ ቁጥር ብድግ እል ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግሩፑን ሚውት አደረግኩት። ኋላ ስንጠያየቅ ሁሉም ሚውት አድርጎታል። አለቃችንም ጭምር።

አንድ ጠዋት ደንበኛ ደውሎ «ከሌሊት ጀምሮ መክፈል አቅቶናል» አለ። ግሩፑን ከፍቼ ወደ ላይ መሳብ ጀመርኩ። «ኤረር፦ ፓስዎርድ ተሳስቷል»። «ኤረር፦ ፓስዎርድ ተሳስቷል»። «ኤረር፦ ስልክ ቁጥሩ ትክክል አይደለም»። «ኤረር፦ ፓስዎርድ ተሳስቷል»። ጣቴ እስኪዝል ከሳብኩ በኋላ፣ መሀል ላይ የተሸጎጠች አንዲት መስመር አገኘሁ፦ «ኤረር፦ ዳታቤዙ መጻፍ አልቻለም፣ ዲስኩ ሞልቷል»። ቦቱ ሥራውን ሠርቷል። ነግሮን ነበር። የተሳሳተ ፓስዎርድንና የሞላ ዲስክን በአንድ ስም የጠራናቸው እኛው ነን።

ከዚያ ወዲህ የሎግ ደረጃ (የአንድ መስመር ክብደት የሚጠራበትን ስም) ስመርጥ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የምጠይቀው፦ ይህን መስመር ማን ያነበዋል፣ አንብቦስ ምን ያደርጋል?

የግቢ ዘበኛ ያለው ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። ጥሩ ዘበኛ መኪና ሲገባ ታርጋውን መዝገብ ላይ ይጽፋል፤ ማንንም አይጠራም። የበሩ ማጠፊያ ላልቶ ካየ፣ ጠዋት ስትወጡ ጠብቆ «ጋሼ፣ ይቺ በር ሳትወድቅ በያጅ ብንጠራ» ይላል። ሌባ አጥር ሲዘል ካየ ሌሊትም ቢሆን በራችሁን ይደበድባል። ቤቱ ከተቃጠለ ደግሞ ኡኡ ብሎ ሰፈሩን ያወጣል። ኢንፎ፣ ዋርኒንግ፣ ኤረር፣ ክሪቲካል በቅደም ተከተል እነዚህ ናቸው። ዲበግስ? ዲበግ ዘበኛው ብቻውን ሲሆን የሚያጉተመትመው ነው። «ያቺ ድመት ደግሞ መጣች።»

የእኛ ቦት ድመት ባለፈች ቁጥር በር የሚደበድብ ዘበኛ ነበር።

ስንት ደረጃ ይበቃል?

የደረጃ ነገር የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኤሪክ ኦልማን በበርክሌይ ሴንድሜይል የተባለውን የኢሜይል ፕሮግራም ሲሠራ፣ ሲስሎግ የተባለውን የሎግ መጻፊያ ሥርዓትም አብሮ ሠራ። ሊኑክስ ሰርቨር ነክታችሁ የምታውቁ ከሆነ የሲስሎግን ልጆችና የልጅ ልጆች አግኝታችኋል። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው አርኤፍሲ 5424 (የሲስሎግ ደንብ የተጻፈበት ሰነድ) ላይ 8 ደረጃዎች ተዘርዝረዋል። 0 ኢመርጀንሲ ነው። ከዚያ አለርት፣ ክሪቲካል፣ ኤረር፣ ዋርኒንግ፣ ኖቲስ፣ ኢንፎርሜሽናል እያለ ሄዶ 7 ላይ ዲበግ ይሆናል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ነገሩ ይከፋል ማለት ነው።

ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ላይ ግን ተቃራኒው ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ነገሩ ይከፋል። ዲበግ 10፣ ኢንፎ 20፣ ዋርኒንግ 30፣ ኤረር 40፣ ክሪቲካል 50። የፓይተን ሎግ ወደ ሲስሎግ ስታስተላልፉ ማጣሪያውን በስም ጻፉት። በቁጥር የጻፈ ሰው አንድ ቀን «ከ4 በላይ ብቻ አሳየኝ» ብሎ ዲበጉን ሰብስቦ ኤረሩን ይጥላል።

በፒኤችፒ ቋንቋ የተሠራውን ላራቬል የምትጠቀሙ ስምንቱንም ታገኛላችሁ፤ የፒኤችፒው ፒኤስአር-3 ደንብ ከሲስሎግ እንዳለ ነው የወሰዳቸው። ጃቫ ላይ ሎግፎርጄ የተባለው የሎግ ላይብረሪ 6 አለው፤ ሌላው፣ ኤስኤልኤፍፎርጄ፣ ከሁሉ የከፋውን ፌታልን ጥሎ 5 ያደርገዋል። ጎ የተባለው ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ1.21 እትሙ ጋር ያመጣው ኤስሎግ 4 ብቻ ነው ያለው፦ ዲበግ፣ ኢንፎ፣ ዋርን፣ ኤረር።

እኔ ለትንሽ ቡድን የምመክረው የጎ ቋንቋን አራት ደረጃዎች፣ ሲበዛ ክሪቲካል ተጨምሮበት አምስት ነው። በአርኤፍሲው አለርት «ወዲያው እርምጃ ይወሰድ»፣ ኢመርጀንሲ «ሲስተሙ ጭራሽ አይሠራም» ማለት ነው። በወረቀት ላይ ልዩነቱ ያምራል። ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ ሰው ግን አለርት ይሁን ክሪቲካል አይለይም፤ ሁለቱም ላፕቶፕ ያስከፍቱታል። አንድ ዓይነት ነገር የሚያስደርጉ ሁለት ደረጃዎች አንድ ደረጃ ናቸው። ስምንቱም ቢኖሯችሁ ቡድኑ የሚጠቀምባቸውን መርጣችሁ ሌሎቹን እንደሌሉ ቁጠሯቸው።

ትሬስ የሚባልም አለ፣ ከዲበግ በታች። ሎግፎርጄና ዶትኔት ላይ ታገኙታላችሁ፣ ፓይተን ላይ የለም። ሌሎች የሚጠቀሙበትን ላይብረሪ ካልጻፋችሁ በስተቀር ባታውቁትም ምንም አይጎድልባችሁም።

ዲበግ ወይስ ኢንፎ

ይህን የምለየው እንዲህ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ደንበኛ «ገንዘቤ የት ሄደ?» ብሎ ቢመጣ ይህን መስመር እፈልገዋለሁ? ከፈለግኩት ኢንፎ ነው። ትዕዛዝ ተፈጠረ፣ ክፍያ ጸደቀ፣ ተጠቃሚ ስልኩን ቀየረ፣ አፑ በዚህ እትም ተነሣ። እነዚህ የዘበኛው መዝገብ ናቸው። ወደ ዳታቤዝ የሄደው ጥያቄ፣ የአንድ ቫሪያብል ይዘት፣ ሉፑ ስንተኛ ዙር ላይ እንደደረሰ፣ ይሄ ሁሉ ዲበግ ነው።

ሌላም መሞከሪያ አለኝ። ኮዱን ያልጻፈ ሰው የአንድ ሰዓት ኢንፎ ብቻ ተሰጥቶት፣ አፑ ላይ ምን ሲሆን እንደነበር መተረክ መቻል አለበት። «ፈንክሽኑ ውስጥ ገባ»፣ «ከፈንክሽኑ ወጣ»፣ «እዚህ ደረስኩ 2» የሚሉ መስመሮች ካጋጠሙት ቦታቸውን ስተዋል። («እዚህ ደረስኩ» ያልጻፈ ዴቨሎፐር ካለ ይቅረብ። እኔ ዛሬም እጽፋለሁ። ብቻ ኮዱን ከመላኬ በፊት አጠፋዋለሁ።)

የዋጋም ጉዳይ አለ። የክላውድ ሎግ አገልግሎቶች ብዙዎቹ የሚያስከፍሉት በጊጋባይት ነው፣ ያውም በዶላር። አንድ ጥያቄ በመጣ ቁጥር አሥር ኢንፎ የሚጽፍ አፕ፣ ዘጠኙን ወደ ዲበግ ብታወርዱለት ሂሳቡ ላይ ታዩታላችሁ።

ፓይተን ለጀመሩ አንድ ነገር። ሎጊንግ ሞጁሉን ምንም ሳታስተካክሉ «ኢንፎ» ብትጽፉ ስክሪኑ ላይ ምንም አይወጣም። አልተበላሸም። የዋናው ሎገር (ሩት ሎገር) መነሻ ደረጃ ዋርኒንግ ስለሆነ ነው። ደረጃውን ወደ ኢንፎ አውርዱትና ይታያችኋል። በዚህ ተናደው ወደ ፕሪንት የተመለሱ ልጆች አውቃለሁ።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው አለ። «ዲበግ ስለሆነ ፕሮዳክሽን ላይ (ደንበኞች በሚጠቀሙበት አፕ ላይ) አይወጣም» ብላችሁ ፓስዎርድ ወይም ፒን አትጻፉ። አንድ ቀን ችግር ሲፈጠር የሆነ ሰው ፕሮዳክሽን ላይ ዲበግን ይከፍታል፣ ከዚያ መዝጋቱን ይረሳል። በግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ትዊተር 330 ሚሊዮን ለሚሆኑ ተጠቃሚዎቹ ፓስዎርድ ቀይሩ ያለው፣ ፓስዎርዶች ሳይመሰጠሩ የውስጥ ሎግ ላይ ተጽፈው በመገኘታቸው ነው። እንደ ትዊተር ያለ ቤት ከተሳሳተ እኛም እንሳሳታለን። አሁን ደግሞ እኛም አገር የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ የተጠቃሚ ስልክ ቁጥር በየመስመሩ መበተን እንደ ቀላል የሚታይበት ጊዜ አልፏል። የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ይበቃሉ።

ኢንፎ ወይስ ዋርኒንግ

ዋርኒንግ የቸገረው ሁሉ የሚጣልበት ዕቃ ቤት ሆኗል። ኢንፎ ለማለት ከበድ ያለ፣ ኤረር ለማለት የቀለለ ሁሉ እዚያ ይገባል። ስለዚህም ማንም አያነበውም።

ለኔ ዋርኒንግ ሥራው ተሳክቶ ሳለ፣ ዝም ከተባለ ነገ ኤረር የሚሆን ነገር ነው። ዲስኩ 85 በመቶ ሞልቷል። የድረ ገጹ ሰርተፍኬት በ14 ቀን ውስጥ ያልቃል። ዋናው የኤስኤምኤስ አቅራቢ አልመልስ ስላለ በተጠባባቂው ተላከ። በሩ ይዘጋል ይከፈታል፣ ማጠፊያው ግን ላልቷል። ያ የሞላ ዲስካችን ከመሙላቱ በፊት አንድ ዋርኒንግ ቢጽፍና የሚያነበው ሰው ቢኖር ኖሮ ደንበኛው ባልደወለ ነበር።

«የሚያነበው ሰው ቢኖር» ያልኩት ለዚህ ነው። ዋርኒንግ ሌሊት አይቀሰቅስም። ግን በሳምንት አንዴ፣ ሰኞ ጠዋት ቡና ይዞ የሚያየው ሰው ይፈልጋል። እንደዚያ ዓይነት ሰው ካልመደባችሁ ዋርኒንግ አትጻፉ፤ ኢንፎ ብላችሁ ተገላገሉት። ሰኞ ሰኞ እየታየ ለወር ያህል ማንም ምንም ያላደረገበት ዋርኒንግ ካለም እንደዚሁ።

የተሳሳተ ፓስዎርድስ? አንድ ሰው አንድ ጊዜ ቢሳሳት ኢንፎ ነው። ሰው ይሳሳታል፣ አፑም «ተሳስተሃል» ብሎ በትክክል መልሶለታል። ከአንድ አድራሻ በደቂቃ 50 ጊዜ ከመጣ ግን አንድ ዋርኒንግ ይጻፍ። አምሳ አላልኩም፣ አንድ። «ከዚህ አድራሻ በአንድ ደቂቃ 50 የተሳሳተ ሙከራ» የሚል።

ዋርኒንግ ወይስ ኤረር

አብዛኛው ክርክር እዚህ ነው። ኮድ ሪቪው (አንዱ የሌላውን ኮድ ሲገመግም) ላይ ሁለት ሰው ግማሽ ሰዓት ሲጨቃጨቅበት አይቻለሁ።

መጀመሪያ ጥፋቱ የማን ነው? ተጠቃሚው የሌለ ገጽ ከጠየቀ፣ ባዶ ፎርም ከላከ፣ ኤችቲቲፒው 404 ወይም 400 ይመልሳል። አፑ ጤነኛ ነው። ኤረር አይደለም። 500 ከመለሰ የእኛ ጥፋት ነው፣ ኤረር ነው። ግን ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ። 401 («ማንነትህ አልተረጋገጠም» ማለት ነው) ተጠቃሚው ላይ ሲደርስ ተራ ነገር ነው። የእኛ ሰርቨር ባንኩን ሲጠራ 401 ከመጣበት ግን ባንኩ ቁልፋችንን አልተቀበለውም ማለት ነው፤ ማንም ሰው አይከፍልም። ያው 401፣ አንዱ ኢንፎ አንዱ ኤረር።

ሁለተኛው ድጋሚ ሙከራ ነው። ኔትወርክ እንደ እኛ አገር በሚቆራረጥበት ቦታ አንድ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ መቅረቱ ዜና አይደለም። ይህን ተመልከቱ፦

23:14:07 ኢንፎ፦ የማረጋገጫ ኮድ፣ ጥያቄ 88121፣ አቅራቢው በ10 ሰከንድ አልመለሰም፣ 1ኛ ሙከራ
23:14:19 ዋርኒንግ፦ የማረጋገጫ ኮድ፣ ጥያቄ 88121፣ አቅራቢው በ10 ሰከንድ አልመለሰም፣ 2ኛ ሙከራ
23:14:24 ኢንፎ፦ የማረጋገጫ ኮድ፣ ጥያቄ 88121፣ በ3ኛ ሙከራ ተልኳል

ኤረር የለም። ሰውየው ኮዱ ደርሶታል፣ ትንሽ ዘግይቶ። ኤረር የሚጻፈው ሦስተኛውም ከሽፎ አፑ ተስፋ ሲቆርጥ ነው። የመጀመሪያውን ሙከራ ኢንፎ ያደረግኩት የኔ ምርጫ ነው። መስመሩ ሁልጊዜ ደህና በሆነበት ቦታ ዋርኒንግ ሊባል ይችላል። መስመሩ ላይ ምን ምን እንዳለም እዩ፦ የጥያቄው ቁጥር፣ ስንት ሰከንድ፣ ስንተኛ ሙከራ። «ኤረር፦ አልተሳካም» ብቻ የሚል መስመር በየትኛውም ደረጃ ቢጻፍ ዋጋ የለውም።

(ሰዓቱን ካነሣን አይቀር። ሰርቨሮች ብዙውን ጊዜ የሚጽፉት በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት) ነው። 23:14 ማለት አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ 8:14 ነው። ደንበኛው «8 ሰዓት ላይ ነው የቆመው» ይላል፣ ዴቨሎፐሩ 08:00 ላይ ገብቶ ይፈልጋል፣ «ምንም የለም» ይላል። ይህን ስህተት ሁለት ጊዜ ሠርቻለሁ።)

አንድ የማልደራደርበት አለ። ገንዘብ ያለበት ካልታወቀ ኤረር ነው። ክፍያ ወደ ባንክ ልካችሁ መልስ ሳይመጣ ከቀረ፣ ተቆርጧል ወይስ አልተቆረጠም አታውቁም። ዝም ብሎ ደግሞ መላክም አይቻልም፤ ሁለቴ ሊቆርጥ ይችላል። ተጠቃሚው ምንም ሳያጉረመርም «በሂደት ላይ» የሚለውን ገጽ እያየ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም አንድ ሰው ገብቶ ከባንኩ ጋር ማመሳከር አለበት። ሰው መግባት ካለበት ኤረር ነው።

ሦስተኛው ደረጃውን ማን ይወስን የሚለው ነው። የዶላር ምንዛሪ ተመን የሚያመጣ ፈንክሽን አለ እንበል። ተመኑን ማምጣት አቃተው። ኤረር ብሎ ይጻፍ? ፈንክሽኑ ምን ያውቃል! የጠራው ገጽ ግርጌ ላይ ተመን የሚያሳይ ጌጥ ከሆነ የትናንቱን አሳይቶ ዋርኒንግ ይጽፋል። የጠራው ከውጭ የተላከ ገንዘብ የሚያሰላ ክፍል ከሆነ ሥራው ቆሟል፣ ኤረር ነው። ስለዚህ ፈንክሽኑ ኤክሴፕሽኑን (የብልሽቱን ምልክት) ወደ ላይ፣ ወደ ጠራው፣ ይወርውር፣ የጠራው ይወስን። እግረ መንገዱን ሌላ በሽታም ይድናል፦ አንዱ ያዝ አድርጎ ኤረር ይጽፋል፣ መልሶ ይወረውራል፣ ከላይ ያለው ይዞ ኤረር ይጽፋል፣ ከሱ በላይ ያለውም እንዲሁ። አንድ ብልሽት ሦስት ኤረር ይሆናል። የመጨረሻ ውሳኔ የሚሰጥበት ቦታ ላይ አንዴ ይጻፍ። ፓይተን ላይ «ሎገር ዶት ኤክሴፕሽን» ኤረሩን ከነትሬስባኩ (ብልሽቱ ከመጣበት መንገድ ጋር) ይጽፍላችኋል።

ኤረር ወይስ ክሪቲካል

አጭር ነው። አንድ ጥያቄ ከወደቀ ኤረር፣ አፑ በሙሉ መቀጠል ካልቻለ ክሪቲካል። አፑ ሲነሣ የዳታቤዙን ፓስዎርድ ካጣ ክሪቲካል ጽፎ ይውጣ። ግማሽ ጤነኛ ሆኖ ከመቆም መውደቁ ይሻላል።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ፓይተን ላይ ክሪቲካል ቃል ብቻ ነው፤ ይጻፋል፣ ፕሮግራሙ ይቀጥላል። ጎ ላይ የቆየው የሎግ ፓኬጅ «ፌታል» የሚለው ግን ጽፎ ወዲያው ፕሮግራሙን ይዘጋል። በዲፈር ትእዛዝ፣ ፈንክሽኑ ሲያልቅ እንዲሠራ ያስቀመጣችሁት የማጽዳት ሥራም አይሠራም። ከፓይተን ወደ ጎ የመጣ ሰው የአንድ ጥያቄን መውደቅ ለመመዝገብ «ፌታል» ብሎ ጽፎ፣ ሰርቨሩን በሙሉ ሲያጠፋው ማየት ያሳዝናልም ያስቃልም።

ያለውን ማጽዳት

አዲስ አፕ የምትጀምሩ ከሆነ ፕሮዳክሽኑን በኢንፎ አስነሡት። ደረጃውን ኮድ ውስጥ አትጻፉት፣ ከኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል (ከኮዱ ውጭ ከሚቀመጥ ቅንብር) ይምጣ። ዲበግ ስትፈልጉ ለምትመረምሩት ሞጁል ብቻ ክፈቱ።

አሮጌ አፕ ከሆነ አንድ ከሰዓት በኋላ መድቡለት። ያለፈውን ሳምንት ኤረር በሙሉ በግሬፕ (ቃል ፈልጎ መስመር በሚያወጣው ትእዛዝ) አውጡ። የጥያቄ ቁጥርና ሰዓቱን አጥፉ። ሶርት አድርጋችሁ፣ ተመሳሳዮቹን በዩኒክ ትእዛዝ ቁጠሩ፣ ከብዙ ወደ ጥቂት ደርድሩ። ከዚያ ከላይ ያሉትን አምስቱን ብቻ፣ አንድ በአንድ፣ «ማን ምን ያድርግ?» ብላችሁ ጠይቁ።

እኛ ያን ጊዜ ስናደርገው አንደኛ የወጣው እንደጠበቅነው ፓስዎርዱ ነበር። ወደ ኢንፎ ወረደ። ሁለተኛው «ስልክ ቁጥሩ ትክክል አይደለም» ነበር። እሱንም ላወርደው እጄን ስሰድ አጠገቤ የነበረችው ልጅ «ቆይ እስቲ፣ ምን ዓይነት ቁጥር ነው የሚያስገቡት?» አለች። ዲበግ ከፍተን የመጀመሪያዎቹን ሁለት አኃዞች ብቻ አየን። 07፣ 07፣ 07። ኮዱ የተጻፈው ሳፋሪኮም አገር ውስጥ ሳይጀምር ነው፤ በ09 ያልጀመረ ቁጥር ሁሉ ይመለሳል። ያ ሁሉ ሰው አልተሳሳተም። የራሱን ስልክ ነበር የሚያስገባው። እኛ ደግሞ ሚውት አድርገነው ነበር።